ጋሽ አንጁሎና በርሜሉ

መሞቱን የሰማሁት ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ስለ ሙዝ ዋጋ ሲያወሩ ቆይተው አንደኛው፣ «ያ ጀልባ የሚከለክለው ሰውዬ ሞተ አሉ» አለ። «የቱ? ባርኔጣውን ውሃ ላይ የሚጥለው?» «አዎ፣ እሱ። ቀብሩ ነገ ላንቴ ነው።» ሁለቱም ከንፈራቸውን መጠጡና ወደ ሙዛቸው ተመለሱ። እኔ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ።

ጀልባ የሚከለክለው ሰውዬ። ይህን ስም ያወጣንለት እኛ የቢሮው ሰዎች ነን። ከእኛ ወደ ጀልባ ባለቤቶች፣ ከእነሱ ወደ ገበያ ወርዶ ይኸው ሚኒባስ ውስጥ ደረሰ። ሰውዬው የፈቀዳቸው ጀልባዎች ከከለከላቸው ይበልጣሉ፤ መዝገቡን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። ግን ሰው የሚታወሰው በፈቀደው ሳይሆን በከለከለው ነው። ይህን ሳስብ እስካሁን ያናድደኛል፣ ምንም እንኳ የመናደድ መብቱ ባይኖረኝም።

ጋሽ አንጁሎ የላንቴ ገበሬ ልጅ ነው። አገራችን ወደብ በነበራት ዘመን ገና በጉርምስናው ወደ ባሕር ወርዶ በንግድ መርከብ ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቷል። የመርከብ ወለል ከመወልወል ተነስቶ የመርከበኞች አለቃ እስከ መሆን ደርሷል። ወደቡ ሲቀር የእሱም እንጀራ ቀረና ወደ አባቱ የሙዝ ማሳ ተመለሰ። ከብዙ ዓመት በኋላ የእኛ ጽሕፈት ቤት የአባያ ሐይቅን ጀልባዎች መመዝገብና መመርመር ሲጀምር ስለ ጀልባ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። አንድ ሰው እሱን ጠቆመ፣ በኮንትራት ተቀጠረ። እኔም ያኔ መዝገብ ቤት በኮንትራት ነበርኩ።

የመጀመሪያ ቀን ኃላፊያችን ቢሮ ለቢሮ እያዞረ አስተዋወቀው። እንግዳው ሁሉንም በትሕትና ጨብጦ ሲያበቃ፣ «ውሃው የት ነው?» አለ። ኃላፊው እየሳቀ በመስኮት አሳየው፤ ከሴቻ ሆኖ ለሚያይ አባያ ታች ቀላ ብሎ ተኝቷል። ጋሽ አንጁሎ ለረጅም ጊዜ ካየ በኋላ፣ «ከዚህ ሆናችሁ ነው የምትመዘግቡት?» ሲል ጠየቀ። ስድብ አልነበረም፣ የምሩን ነው የጠየቀው። ኃላፊው ግን ያን ቀን የቂም ደብተሩን ከፈተ መሰለኝ።

በሳምንቱ ከየት እንዳመጣው የማላውቀው የዘይት በርሜል ከቢሮው ጓሮ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር ተተከለ። ውሃ ሞላበት። ከዚያ ለምርመራ የሚመጣውን ላይፍ ጃኬት ሁሉ ድንጋይ እያሰረ በርሜሉ ውስጥ ያሳድር ጀመር። ድንጋዩን ከሐይቁ ዳር ራሱ መርጦ ያመጣው ነው። ለምን ይህን ድንጋይ እንደመረጠ ስጠይቀው በእጁ መዝኖ አሳየኝ።

«ሰው ውሃ ውስጥ ሲሆን ሰውነቱን ውሃው ይይዝለታል። የሚከብደው ጭንቅላቱ ነው። ጃኬት ማለት ጭንቅላት ተሸካሚ ነው፣ ሌላ ሥራ የለውም። ይህን ድንጋይ አንድ ቀን ከአንድ ሌሊት ከተሸከመ፣ አንቺንም ይሸከማል።»

የቢሮው ሰው ይህን መቀለጃ አደረገው። አብዛኞቻችን የወንጌል አማኞች ስለሆንን፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ስንት አጠመቅክ?» እንለው ነበር። እሱም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበርና፣ «አምኖ የሚንሳፈፈውን ብቻ ነው የማጠምቀው» ይለናል። የእጅ ጽሑፉ የማይነበብ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ከእሱ ጋር ጓሮ እየወጣሁ ውጤቱን በአንድ የተማሪ ደብተር ላይ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። የማን ጀልባ፣ ምን ዓይነት ጃኬት፣ ተንሳፈፈ ወይስ ሰመጠ። ሥራዬ አልነበረም። ደስ ስለሚለኝ ነው የምጽፈው።

የጀልባ ነጂዎችን ፈተናም አዳራሽ ውስጥ አልሰጠም። ሐይቁ ዳር ወርዶ ከተፈታኙ ጋር ጀልባው ላይ ይወጣል። መሀል ሲደርሱ ባርኔጣውን አውልቆ ውሃው ላይ ይጥልና በረጋ ድምፅ፣ «ሰው ወደቀ» ይላል። አንድ ቀን ለምን ጮክ ብሎ እንደማይናገር ጠየቅሁት። «የሚወድቅ ሰው አይጮህም፣ ልጄ። ጸጥ ብሎ ነው የሚወድቀው። ነጂው ጆሮው ጀርባው ላይ መሆን አለበት።» ደንግጦ ሞተሩን እንዳስነሳ ወደ ባርኔጣው የሮጠ ሰው ወደቀ ማለት ነው፤ ሞተሩ ውሃ ውስጥ ያለውን ሰው ይቆርጠዋልና። ነፋሱን አይቶ፣ ከነፋሱ በታች ዞሮ፣ ሞተር አጥፍቶ በእጁ ባርኔጣውን ያነሳ አለፈ።

ዋዳ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ስሙን እንኳ መጻፍ አይችልም ነበር። ባርኔጣው ሳይረጥብ ሊደርስበት ምንም አልቀረውም። ቅጹ ላይ «የትምህርት ደረጃ» የሚል ቦታ ነበርና ምን ልጻፍ ብዬ ጋሽ አንጁሎን ጠየቅሁት። እሱ መልስ ሳይሰጠኝ ዋዳ ራሱ፣ «እኔ ምንም አልተማርኩም። ግን ጀልባዋ ጥሩ ነው፣ እኔም ጥሩ ነኝ» አለኝ። ጋሽ አንጁሎ፣ «እንደነገረሽ ጻፊው» አለ። ቃል በቃል ጻፍኩት። በኋላ ያ ወረቀት ክስ ሆኖ መጣ።

ምክንያቱም የጀልባ ደኅንነት ደረጃ የሚባል መመሪያ መጣ። ደረጃ መጥፎ ነገር ነው አልልም፤ ጋሽ አንጁሎም አላለም። እንዲያውም መመሪያው የደረሰን ዕለት መነጽሩን አድርጎ ከዳር እስከ ዳር አስነበበኝና፣ «ጥሩ ነው፣ የጻፈው ሰው መርከብ ያውቃል» ብሎ ተደሰተ። በተሳፋሪው ቁጥር ልክ የሆነ፣ ሰው የሚያንሳፍፍ ጃኬት፣ ደማቅ ብርቱካናማ ቀለም፣ የአምራቹ ምልክት የተሰፋበት፣ የሠለጠነ ነጂ። የሚያናድደው ደረጃው አይደለም። የሚያናድደው እኛ ከገጹ ላይ ለማየት የሚቀለውን መርጠን መያዛችን ነው። ቀለም ይታያል። ምልክት ይታያል። መንሳፈፍ ግን አንድ ቀን ከአንድ ሌሊት መጠበቅን ይጠይቃል፣ ማን ይጠብቃል?

ሥልጠናውም ተሰጠ። ሴቻ ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ለሦስት ቀን የጀልባ ነጂዎች ተቀምጠው ሥዕል አዩ። በዚያ ሥልጠና ላይ የነበረው ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ የታሸገው ብቻ ነው። የምስክር ወረቀቱን ያተምኩት እኔ ነኝ፣ የሚያምር ወረቀት ነበር። ጋሽ አንጁሎ አንዱን አንስቶ አገላብጦ አየና፣ «ውሃ ወረቀት አያነብም» ብሎ መለሰልኝ።

በዚያው ሰሞን አንድ ባለሀብት ትልቅ ጀልባ አስገባ። ገበያተኛ ከሐይቁ ማዶ የሚያመላልስ፣ ጣሪያ ያለው፣ አዲስ ቀለም የተቀባ። ጃኬቶቹን በሙሉ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ከነፕላስቲካቸው አቀረበ። ብርቱካናማ ናቸው፣ ምልክት አላቸው፣ ቁጥራቸው ከወንበሩ ጋር ልክ ነው። ጋሽ አንጁሎ አንዱን ከመሀል መዝዞ በርሜል ውስጥ አሳደረው። ጠዋት ስንወጣ ጃኬቱ ከድንጋዩ ጋር የበርሜሉ ሥር ተቀምጧል። ሁለተኛ ሞከረ፣ ያም ሰመጠ። ሦስተኛውን በቢላ ሲቀደው ከውስጡ የፍራሽ ስፖንጅ ወጣ። ጨምቆ ውሃውን መሬት ላይ ካፈሰሰ በኋላ፣ «ይህ ጃኬት ይጠጣል እንጂ አይዋኝም» አለ። እኔ ደብተሩ ላይ ሦስት ጊዜ «ሰመጠ» ብዬ ጻፍኩ። ጀልባው ተከለከለ።

ዓሣ አጥማጆቹ ደግሞ እነዚህን ጃኬቶች የሚገዙበት አቅም አልነበራቸውም። የአባያ ሰው ከጥንት ጀምሮ ታንኳ የሚሠራበት ሶኬ የሚባል ቀላል እንጨት ሐይቁ ዳር ይበቅላል። ጋሽ አንጁሎ ዋዳንና ጓደኞቹን ይዞ የሶኬ ቁራጮችን በማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ እንደ ሰደርያ አሰፋቸው። መልኩን ያየ ሰው ይስቃል። በርሜል ውስጥ ሦስት ቀን አቆያቸው፤ ድንጋዩን ተሸክመው ከላይ ሰነበቱ። ቅጹ ላይ እንዲህ አስጻፈኝ፦ «ቀለም፦ የለውም። ምልክት፦ የለውም። ይንሳፈፋል።» ለትንንሽ ጀልባዎች ፈቀደው።

ኃላፊው የሚፈልገውን አገኘ። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቋቋመ። ክሱ ደረጃውን ያሟላ መሣሪያ ከልክሏል፣ ደረጃውን ያላሟላ ጆንያ ፈቅዷል፣ ላልተማረ ሰው የብቃት ማረጋገጫ ሰጥቷል የሚል ነበር። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ውሸት የሌለበት ክስ እንዴት ሰውን እንደሚበላ ያየሁት ያኔ ነው።

የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ከስብሰባው አራት ቀን በፊት ኃላፊው ቢሮው ጠራኝ። «አንቺ ልጅ፣ የቋሚ ቅጥርሽ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ነው» አለኝ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ። «ስለ በርሜል ምናምን ከተጠየቅሽ፣ መዝገቡ መደበኛ ነው ወይ የሚለውን ብቻ አስቢ። ሌላ አልጠይቅሽም።» ከእሱ ቢሮ ስወጣ ነገሩን ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነገርኳት። «ዝም አይነቅዝም» አለችኝ። ለእኔ አስባ ነው፣ ሁለት ልጆቼን እያሰበች ነው። ሁላችንም አንድ ሰው እያሰብን ነው ሰው የምንጎዳው።

ስብሰባው ላይ መጀመሪያ የጠየቁት የራሱን ብቃት ነው። የሌላውን ብቃት የሚመረምር ሰው የራሱ ማረጋገጫ የታለ አሉት። ጋሽ አንጁሎ ከደረት ኪሱ በፕላስቲክ የተጠቀለለ የመርከበኛ ደብተር አወጣ። ገጾቹ ቢጫ ሆነዋል፣ ፎቶው ላይ ያለው ጎረምሳ ሌላ ሰው ይመስላል።

«ይህን የሰጠዎት መሥሪያ ቤት አሁን የት ነው ያለው?» አለ ሰብሳቢው።

«የለም።»

«የመጨረሻው ማኅተምስ የት የተመታ ነው?»

«ዛሬ የእኛ ባልሆነ ወደብ።»

«ታዲያ እኛ ይህን በማን እናረጋግጠው?»

ጋሽ አንጁሎ፣ «በውሃ» አለ።

ሰብሳቢው ይህን እንዳልጽፈው በእጁ ምልክት ሰጠኝ። አልጻፍኩትም።

ቀጥሎ የትልቁ ጀልባ ጃኬቶች መስመጣቸውን የሚያስረዳ ማስረጃ አለ ወይ ተባለ። ጋሽ አንጁሎ፣ «አለ፣ እሷ ጋ ነው» ብሎ ወደ እኔ አመለከተ። በሙሉ እምነት ነው ያመለከተው። የኮሚቴው አባላት ሁሉ በርሜሉን በየቀኑ እያለፉት የሚገቡ ሰዎች ናቸው፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የበርሜሉን ውጤት የጻፍኩበት ደብተር በዚያች ሰዓት እግሬ አጠገብ መሳቢያ ውስጥ ነበር። «መደበኛ መዝገብ የለም» አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አራት ቀን አስቤ የመረጥኩት ቃል ነው፤ አልዋሸሁም ብዬ ራሴን የማጽናናበት ቃል። ጋሽ አንጁሎ የመርከበኛ ደብተሩን ቀስ ብሎ በፕላስቲኩ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። ሲወጣ ጓሮ ዞሮ በርሜሉን ገልብጦ ውሃውን አፈሰሰ። «ከአሁን በኋላ የሚያየው ከሌለ የወባ ትንኝ ይራባበታል» አለ ለጥበቃው። የስንብት ደብዳቤው በሳምንቱ ወጣ። የእኔም ወጣ፣ የቋሚው።

ለትልቁ ጀልባ የብቃት ማረጋገጫውን የተየብኩት እኔ ነኝ። መሣሪያ፦ የተሟላ። ሠራተኛ፦ የሠለጠነ። ለዓሣ አጥማጆቹ ደግሞ የሶኬ ሰደርያ የተከለከለ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፍኩ።

ጀልባው የተገለበጠው ወራት ቆይቶ ነው፣ ከማዶ ገበያ ሲመለስ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በሚነሳበት ሰዓት። አባያ ጠዋት የዋህ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ግን ሌላ ነው፤ ይህን የዳር ሰው ሁሉ ያውቃል። የሆቴሉ ሥልጠና ስለ ሰዓት ነግሯቸው እንደሆነ አላውቅም። አንዲት ሴት ከጎን ስትወድቅ ነጂው ሞተሩን እንዳስነሳ በድንጋጤ ጠመዘዘ፤ ሰው ሁሉ ለማየት ወደ አንድ ጎን ሮጠ። ሰዎቹ ጃኬት ለብሰው ነበር። ብርቱካናማ፣ ምልክት ያለው። ስንት ሰው እንደሞተ አልጽፍም፣ ልቆጥራቸው አይሆንልኝም። የተረፉትን ያወጡት ዋዳና ጓደኞቹ ናቸው፤ የከለከልናቸውን ጆንያ ለብሰው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው አጣሪ ቡድን መጣ። ሰነዶቹን ያቀረብኩላቸው እኔ ነኝ። ምዝገባው አለ፣ የመሣሪያው ማረጋገጫ አለ፣ የነጂው የምስክር ወረቀት አለ፣ ሁሉም ማኅተም አለበት። ሪፖርታቸው ሰነዱ የተሟላ መሆኑንና አደጋው በተፈጥሮ ነፋስ የደረሰ መሆኑን ገለጸ። ማንም አልተጠየቀም። አንድ ሰው እንኳ ጓሮ ወጥቶ ባዶውን በርሜል አላየም። ደብተሩ አለ ብዬ ልናገር ሁለቴ ተነሳሁ፣ ሁለቴ ተቀመጥኩ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ደብተሩን በቦርሳዬ ይዤ ላንቴ ወረድኩ። ጋሽ አንጁሎን ሙዙ መሀል ውሃ ሲመራ አገኘሁት፣ እግሩ ጭቃ ነበር። አካፋውን አስቀምጦ ሰላም አለኝ፣ ስለ ልጆቼ በስም በስማቸው ጠየቀኝ። ይህ ነው ያስለቀሰኝ።

«ጋሼ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ለምኑ?»

«ታውቀዋለህ።»

በእግሩ ጭቃ ገፍቶ ውሃውን ወደ ሌላው መስመር መለሰ። «እኔ ምን ሆንኩ?» አለ። «እኔ አልሰመጥኩም። እኔን ይቅርታ መጠየቅ ቀላል ነው፣ ልጄ። መኪና ይዘሽ መጣሽ፣ ጨረስሽ።»

ደብተሩን ልሰጠው ስዘረጋ እጁን አልዘረጋም።

«ዋዳ ሰፈር ልጃቸው የሞተችባቸው እናት አሉ። ልጅቷ ጃኬት ለብሳ ነበር። ለምን ሰመጠች እያሉ ይጠይቁኛል። እኔ ልነግራቸው እችላለሁ፣ ግን የተባረረ ሰው ወሬ ይሆናል። በእጅሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ሂጂና አንብቢላቸው።»

«እሺ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ» አልኩት።

«ደግ» አለኝ። ሙዝ ቆርጦ ሰጠኝ፣ መንገድ ድረስ ሸኘኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጄ አመመው። በሌላው ስብሰባ ነበር። ከዚያ በኋላ ምክንያት መፈለጉንም ተውኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ ላንቴም ወደ ሐይቁም አልወረድኩም። እሱ አንድም ቀን አልደወለም፣ አላስታወሰኝም። የሚጠላኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ቀብሩ ላይ ከቢሮ የመጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ኃላፊው ስብሰባ አለኝ ብሎ የአበባ ጉንጉን ላከ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ከዳር ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ዋዳ ከበሩ ሆኖ ወደ እኔ ጠቁሟቸው ነበር።

«አንቺ ከቢሮ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እናቴ።»

«አንጁሎ በየሳምንቱ ቤቴ ይመጣ ነበር። ልጄ ጃኬት ለብሳ ለምን ሰመጠች እለዋለሁ። እሱ፣ የምታውቅ ሰው አለች፣ እሷ ትመጣለች፣ ትነግርሻለች ይለኛል። ትመጣለች ይላል ሁልጊዜ። በታመመ ጊዜም፣ መጣች ወይ ብሎ ጠየቀ።» አማርኛቸው እየተቆራረጠ፣ ቃል እየፈለጉ ነው የሚናገሩት። «ያች ሰው አንቺ ነሽ?»

እዚያው፣ ዘማሪዎቹ እየዘመሩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳቸው። በርሜሉን፣ ድንጋዩን፣ ስፖንጁን፣ ሦስት ጊዜ የጻፍኩትን ቃል። ኮሚቴው ፊት ያልኩትንም ነገርኳቸው። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ይሰምጣል ብለሽ ያወቅሽው መቼ ነው?»

«ጀልባው ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በዘንጋቸው ተደግፈው ተነሱና ሌላ አግዳሚ ላይ ሄደው ተቀመጡ።